ከዋሻው መቃብር ወደ ሉናፓርክ

ነገ ልሄድ ዛሬ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ እናቴ ከጎረቤት ልቅሶ ተመለሰች። እኔ ሻንጣዬን በገመድ አስሬ ደጅ ቁጭ ብያለሁ። እናቴ ከበራችን ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ የምታደርገውን አደረገች። ነጠላዋን ከላይዋ ገፈፈች፣ ገለበጠችና መልሳ ለበሰችው። ለልቅሶ ስንሄድ ጥለቱን ወደ አንገታችን አድርገን እንደምንለብስ ታውቃላችሁ። እሷ ግን የቤቷን ደፍ ሳትረግጥ ጥለቱን ወደ ታች ትመልሰዋለች። «የሰው ልቅሶ ነው፤ ከደጅ ይቅር። የራሴ ልቅሶ የለኝም» ትላለች። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እንዲሁ ናት።

የራሷ ልቅሶ የሌላት አባቴ ስላልሞተ አይደለም፤ መሞቱ ስላልታወቀ ነው። አባቴ ቸኮል ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን የአንድ ባላባት ጸሐፊ ነበር። በጣሊያን ጊዜ እኔ ገና በእናቴ ሆድ ሳለሁ፣ ጽሕፈት የሚያውቁትን ሰብስበው በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው። እናቴ ካሚዮኑን ተከትላ ሮጠች። እሱ ከላይ ሆኖ አንድ ነገር ጮኾ ነገራት፤ በሞተሩ ድምፅ አልሰማችውም። ከዚያ በኋላ የተገኘው ወሬ «ወደ ባሕር ወሰዷቸው» የሚል ብቻ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንዳንዱ ተመለሰ፣ አንዳንዱም መርዶው መጣ። አባቴ ግን እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። እናቴ የነፍስ አባታችንን ፍታት ብትለምናቸው «ቁርጡ ሳይታወቅማ አይሆንም፣ ልጄ። በሕይወት ያለን ሰው ፈትቶ መቅበር ነፍስ መግደል ነው» አሏት። ፍታት ከሌለ ተዝካር የለም፣ ተዝካር ከሌለ ልቅሶ የለም። ሠላሳ ዓመት አለፋት፣ ከልም አልለበሰች፣ ኩልም አልተኳለች።

አባቴ የተወልን አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ባላባቱ በቅሎ ጠፍታባቸው ለደምበጫ ሰዎች ያጻፉት ደብዳቤ ነው፤ ሳይላክ ቀርቶ ቤት ተገኘ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚያች በቅሎ ነው። ተማሪ ቤት የላከኝ የለም፤ ጎረቤታችን መሪጌታ አጥር ሲያጥሩ ወረቀቱን ይዤ እየተከተልኩ «ይኼ ማነው? ይኼስ?» እያልኩ አሰለቸኋቸው። «ዳማ በቅሎ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ጠፍታብኛለችና፣ ብትገኝም ባትገኝም ቁርጡን ላኩልኝ» ይላል። እናቴ ማንበብ ባትችልም በቃሏ ትለዋለች።

ያን ምሽት ራት ላይ፣ ድንች ወጡን ወደ እኔ እየገፋች፣ ዝም ብላ ቆይታ ጀመረችኝ።

«አንቺ ይታይሽ፣ የምትሄጂው እነሱው ጣሊያኖቹ አገር ነው አይደል?»

«አዎ እምዬ።»

«ባሕሩን ተሻግረሽ?»

«በአውሮፕላን ነው። በላዩ ነው የምናልፈው።»

«በላዩም ይሁን በታቹ፣ ማዶ መድረስሽ አይቀርም። እንግዲያ ጠይቂ። ቸኮል ወርቁ ይባላል፣ ክርስትናው ገብረ ማርያም ነው በያቸው። ብታገኚውም ባታገኚውም ቁርጡን ላኪልኝ።»

እንደ በቅሎዪቱ ማለት ነው። ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ ዓይኗን አይቼ ተውኩት።

አዲስ አበባ ከአራት ዓመት በላይ ያገለገልኳቸው ጣሊያኖች፣ ሲኞራ ፍራንካና ባሏ፣ ጋራዣቸውን ሸጠው ወደ አገራቸው ሊገቡ ነበር። ትንሿን ልጃቸውን ሮዜላን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ «ያለ እሷ አልሄድም» ብላ ስለጮኸች ነው እኔም የተነሣሁት። የመሄዴ ምክንያት የአንዲት ሕፃን ለቅሶ ነው ብላችሁ ጻፉልኝ። ፓስፖርት የሚሰጠው ቢሮ ስገባ ግን ጸሐፊው ምክንያቴን አልጠየቀኝም፤ አባቴን ነው የጠየቀኝ።

«አባት በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?» አለኝ፣ ብዕሩን እንደቀሰረ።

«አይታወቅም ጌታዬ።»

«አይታወቅም የሚል ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። አንዱን ምረጪ።»

«እኔ በአባቴ ላይ እንዴት አድርጌ ልምረጥ? እርስዎ ይምረጡልኝ።»

«እኔን ምን አግብቶኝ! ስሚኝ እህቴ፣ ሞቷል ካልሽ የሞት ማስረጃ ታመጫለሽ። አለ ካልሽ ምንም አይጠየቅም።»

«እንግዲያ ይኑር።»

«ይኑር!» አለና ማኅተሙን መታበት። አባቴ እንዲህ ሆኖ በመንግሥት ወረቀት ላይ ኖረ። ከቢሮው ስወጣ ደስ አለኝ፣ ምን እንዳስደሰተኝ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከአውሮፕላኑ ባሕሩን አየሁት። ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ስወርድ ያህል እንኳ አላስፈራኝም፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ዝም ብሏል። አባቴ በታች የተሻገረውን እኔ በላይ፣ ብርቱካን ጭማቂ ይዤ፣ ተሻገርኩት። ሮዜላ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ብቻዬን የሆንኩ ያን ጊዜ ነው የመሰለኝ፤ ገና ምን አይቼ!

ሮማ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። የሲኞራ እናት፣ ኖና፣ በእነሱ ቋንቋ አያቴ፣ የምንላቸው አሮጊት፣ አብረውን ይኖራሉ። የእኔ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሆኖ መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። በነሐሴ፣ እኛ አገር ጉሙ ከጮቄ ተራራ ወርዶ ሰው ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት ወር፣ እዚህ አስፋልቱ ከጫማ ይጣበቃል። ምግቡን አዲስ አበባ ስለለመድኩት አልተቸገርኩም፤ ፓስታ ፓስታ ነው። የቸገረኝ ሰላምታው ነው። እኛ ዘንድ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት ከብቱ፣ ልጁ፣ አዝመራው፣ ያመመው ሁሉ ሳይጠየቅ እንስራዋን አታነሣም። እዚህ ደረጃ ላይ «ቦንጆርኖ» ይሉሻል፣ መልሱን ሳትጨርሺ በሩ ተዘግቷል። መጀመሪያ ሰሞን ከተዘጋው በር ፊት ቆሜ ሰላምታዬን እጨርስ ነበር።

ደረጃ ካልኩ የሕንፃውን ዘበኛ ሴትዮ ልንገራችሁ። ፖርቲየራ ትባላለች። አንድ ቀን ድንችና ዘይት ተሸክሜ ወደ አሳንሰሩ ስገባ ያዘችኝ።

«አሳንሰሩ ለነዋሪዎች ነው» አለችኝ።

«እኔስ አልኖርም?»

«አንቺ ሠራተኛ ነሽ። በደረጃ።»

«ድንቹ ይከብዳል፣ ሲኞራ።»

አሰበች፣ አሰበችና «ድንቹ በአሳንሰሩ መውጣት ይችላል» አለች። ድንቹን አስገባሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩና እኔ በደረጃ ሮጥኩ። በዚያች ከተማ ውስጥ ለሁለት ዓመት ከድንች ጋር ተሽቀዳድሜያለሁ። አንድም ቀን አልቀደምኩትም።

የእናቴን አደራ አልዘነጋሁም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቴ ስለሆነ፣ የዚያን ዘመን እስረኞች መዝገብ ይኖርበታል የተባለ ቢሮ ሄድኩ። መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተቀበለኝ።

«የቤተሰብ ስም?»

«ይታይሽ ቸኮል።»

«ቸኮል የቤተሰብ ስም ነው?»

«የአባቴ ስም ነው።»

«የአባትሽ የቤተሰብ ስምስ?»

«ወርቁ፤ አያቴ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። «ሲኞሪና፣ እንዲህ ከሆነማ ሦስታችሁ ሦስት ቤተሰብ ናችሁ። አባትሽ የተወለደው መቼ ነው?»

«አንበጣ በመጣበት ዓመት።»

«አንበጣው» አለ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «የትኛው መስመር ላይ ይግባልሽ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። በወሩ ተመለሽ አለኝ፣ ተመለስኩ፤ በወሩ አለኝ፣ ተመለስኩ። በመጨረሻ ስሙ ያኔ በምን ዓይነት ፊደል እንደተጻፈ ስለማይታወቅ መፈለግ አይቻልም ብሎ ለስንብት እጁን ዘረጋልኝ። ለእናቴ «ገና እየጠየቅሁ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መሪጌታ አነበቡላት። «እሰይ፣ ትጠይቅ» አለች አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሮማ ከገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ እኛ ዐቢይ ጾም ላይ ሳለን፣ ሲኞራ ወጥ ቤት ገብታ «እሑድ ሁላችንም እንወጣለን፣ ኢታ» አለችኝ። ይታይሽ ይረዝምባቸዋል፤ ኢታ ብለው ቆርጠውኛል። «ጠዋት ኖናን ወንድማቸው መቃብር እንወስዳለን፣ ዓመቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ሮዜላን ሉናፓርክ። ሁለቱም በአንድ በኩል ናቸው፣ ቤንዚን ይቆጥብልናል።»

የኖናን ወንድም አውቀዋለሁ፤ ፎቶግራፉ ሳሎን አለ። ጀርመኖች ሮማን በያዙበት ጊዜ ከሌሎች ብዙ ሰዎች ጋር ከከተማው ውጪ ዋሻ አስገብተው ረሸኗቸው፣ ዋሻውንም ደረመሱባቸው። በኋላ ተቆፍሮ እዚያው ተቀበሩ። ይህንን ኖና በተለያየ ቀን፣ ባቄላ ስንፈለፍል፣ ጥቂት ጥቂቱን ነግረውኛል። ሉናፓርክ የሚባለውን ግን አላውቀውም፣ የሌላ መቃብር ስም መሰለኝ።

ዓመት ከተባለ ሙት ዓመት ነው ብዬ ቅዳሜ ማታ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ በነሱ ፎርኖ ምድጃ፣ ትልቅ አድርጌ፣ ለነዳያን የሚበቃ። ሲኞራ ሽታው ቀስቅሷት መጣች። «ኢታ፣ ዳቦ ቤት እታች አለ እኮ!» አለችኝ። «የዳቦ ቤቱ ለነፍስ አይሆንም» አልኳት። ትከሻዋን ሰብቃ ተመለሰች። እሑድ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን እንደ ልቅሶ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ፣ ዳቦዬን በጨርቅ ጠቅልዬ አቅፌ መኪና ውስጥ ገባሁ። ሮዜላ በአንድ እጇ ኳስ ይዛለች። ኖና በጥቁር ጓንት የአበባ እቅፍ ይዘዋል። ባልየው በሬዲዮ ኳስ ጨዋታ ይሰማል። እኛ ዘንድ አንድ መኪና ይህን ሁሉ አይችልም።

ከበሩ ስንደርስ ነዳያንን ፈለግኩ። ደብረ ማርቆስ በሙት ዓመት ቀን የቤተ ክርስቲያኑ በር መግቢያ አይሰጥም፤ ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ የቆሎ ተማሪው፣ ሁሉም ስም ጠርቶ ይመርቃል። እዚህ በሩ ላይ የቆመው ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ዘበኛ ነው፣ ጥርሱን ያጸዳል። ሌላ ሰው የለም። እንግዲህ ለማን ልስጥ? ዳቦዬን ፈትቼ ለእሱ ቆረስኩለት።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለነፍሱ ነው። ተቀበሉኝ።»

«የእኔ እህት፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ለማኝ መሰልኩሽ?»

«አልመሰሉኝም። ግን ከእርስዎ በቀር በሩ ላይ ማንም የለም።»

«በሥራ ሰዓት መብላት ክልክል ነው። ዳቦ ይዞ መግባትም ክልክል ነው።»

«እንግዲያ ውጪ ሆነው ይብሉት።»

ሲኞራ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ዳቦው መኪና ውስጥ ቀረ፣ ቁራሹም ጭምር።

ወደ ውስጥ ገባን። መጀመሪያ ዋሻው ነው፤ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ። ከዚያ ሰፊ አዳራሽ፣ ከላዩ አንድ ግዙፍ ድንጋይ ተንሳፍፎ የተቀመጠ የሚመስል፣ ከሥሩ መቃብሮቹ በተርታ፣ እንደ አልጋ፣ በየራሳቸው ስምና ፎቶግራፍ። ስም የሌላቸውም ነበሩ። ሰዎች ገብተዋል፤ ሁሉም በጫማቸው ጫፍ ይራመዳሉ። ኖና ወንድማቸው ጋ ቆሙ፣ አበባቸውን አኖሩ፣ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ዝም። ሲኞራም ዝም። ወገኖቼ፣ አንዲት አሮጊት ወንድሟ መቃብር ላይ ቆማ የሚያስለቅሳት ሰው ሲታጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ዘንድ ይህ ነውር ነው። ጎረቤት ምን ሊሠራ ተፈጠረ? ጫማዬን አወለቅኩ፣ ደረቴን መታሁና አወጣሁት፦

ይህ ምን ዋሻ ነው በር የሌለው ቤት፣
ገቢው ብዙ ሆኖ ወጪ የጠፋበት።

ድምፄ ከላዩ ድንጋይ ተላትሞ ተመለሰ። ሰዎች ዞሩ። ሮዜላ ቀሚሴን ያዘች። ማቆም ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ሙሾ እንደምታውቁት የራሱ መንገድ አለው፣ አንዴ ከከፈትሽለት ወዴት እንደሚወስድሽ አታውቂም። ስም የሌለውን መቃብር አየሁ፣ እንዲህም ወጣኝ፦

እኔስ ማንን ልጥራ ከደንጊያው ቁሜ፣
ቸኮል የት ወደቅህ አባቴ ደሜ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ያላለቀሰችለትን፣ ካህን እንቢ ያለውን፣ የመንግሥት ወረቀት «ይኑር» ያለውን ሰው፣ እኔ በሰው መቃብር ላይ፣ በሰው አገር፣ አለቀስኩለት። ገደልኩት ማለት ነው።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «እዚህ መጮህ ክልክል ነው!»

ኖና መሐረባቸውን ከአፋቸው አነሡ። «ተዋት» አሉት። «ለእኔ ነው።»

«ሲኞራ፣ ሕጉ...»

«ስንት ዓመት እዚህ ቆመሃል? የሚያለቅስ ሰው አይተህ አታውቅም?» አሉት። ሰውዬው ቆቡን አውልቆ ቆመ። ኖና እጄን ያዙኝ። ያን ቀን ነው ሲያለቅሱ ያየኋቸው፣ በድምፅ።

ከዚያ በቀጥታ ሉናፓርክ ሄድን። ቀልድ አይደለም፤ ጫማዬ የዋሻውን አፈር አላራገፈም። እኛ ዘንድ ከመቃብር ወደ ሐዘኑ ቤት ነው የሚገባው፣ እጅ ታጥቦ፣ ንፍሮ ተቀምሶ፣ ተቀምጦ ነው የሚዋለው። እነሱ መኪናውን አቁመው ትኬት ቆረጡ። በሩ ላይ ሙዚቃ ይጮኻል፣ ስኳር ይሸታል። የእንጨት ፈረሶች ሆዳቸውን በብረት ተወግተው ክብ ይዞራሉ፤ ለጥምቀት ጉግስ የሚጋልቡት የእኛ ፈረሶች ቢያዩ ያለቅሱላቸዋል። ሰዎች በፉርጎ ተጭነው ከላይ ቁልቁል እየተወረወሩ ይጮኻሉ። እዚያ ዋሻው ውስጥ መጮህ ክልክል ነበረ፣ እዚህ ከፍለው ይጮኻሉ። አንድ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቤት ደግሞ በሩ ላይ የሰው አጽም ተስሎበታል፤ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ነጠላዬን አይቶ ጠራኝ።

«ነይ ሲኞሪና፣ ግቢ! ሙታን እናሳይሻለን!»

«አሁን አይቼ መጣሁ» አልኩት።

«የእኛዎቹ ይንቀሳቀሳሉ!»

«የእናንተዎቹ ዕድለኞች ናቸው» ብዬ አለፍኩ። ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው።

ኖናና እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሲኞራ አይስክሬም ልታመጣልኝ ነበር፤ ወተት አለበት፣ ጾም ነው አልኳት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ሲርበኝ ዳቦዬን ከመኪናው አስመጥቼ ፈታሁት። ኖና ቁራሹን አዩት፣ ያንን ዘበኛው እንቢ ያለውን።

«ቸኮል ማነው?» አሉኝ። «ስትጠሪው ሰማሁ። የወንድሜ ስም እንዲያ አይደለም።»

«አባቴ ነው ኖና።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም። ከመወለዴ በፊት ወሰዱት።»

«ማን ወሰደው?»

«ወታደሮች።»

«የማን ወታደሮች?»

ፊት ለፊታችን ትልቁ መንኮራኩር ቀስ እያለ ይዞራል፣ በየወንበሩ ሰው ተቀምጦ። የማየው ሌላ ነገር ስላጣሁ እሱን አየሁ።

«የእናንተ» አልኳቸው።

ኖና ጓንታቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ይቅርታም አላሉኝ፣ ምክንያትም አልሰጡኝ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «ወንድሜ ሲወሰድ እናቴ በየቀኑ ሳህኑን ታቀርብለት ነበር። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች፣ ትደፋዋለች። ለወራት። ከዚያ ዋሻው ተከፍቶ በእጅ ሰዓቱ ታወቀ። ለእናቴ ስንነግራት ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ?»

«ጮኸች?»

«ተኛች። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛች። ከዚያ በፊት ለወራት አልተኛችም ነበር።»

ቁራሹን አነሡ፣ አማተቡ። «ለሁለቱ» አሉና ጎረሱ። «ለአንዱ ነው ኖና» ልላቸው ነበር፤ ዳቦው አፌ ውስጥ ሆኖ ቀረ። ዋጥኩት።

ሮዜላ መጥታ መንኮራኩሩ ላይ ከእኔ ጋር ካልወጣሁ አለች። እናቷ ከፍታ ትፈራለች። ወጣሁ፣ እንደ ልቅሶ በለበስኩት ነጠላ። ከጫፉ ስንደርስ ማሽኑ ሰው ሊጭን ቆመና እዚያ ላይ ተንጠለጠልን። ከተማው ሁሉ ከታች ነው፣ የሚያውቀኝ አንድ ሰው የለበትም።

«ኢታ፣ አገርሽ ከዚህ ይታያል?» አለችኝ።

«አይታይም።»

«በየት በኩል ነው?»

አላወቅኩም። ቤቴ ደጅ ቆሜ ጮቄ በዚህ፣ ዓባይ በዚያ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ የማሳይ ሴት፣ እዚያ ላይ አገሬ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ዝም ብዬ በአንድ በኩል ጠቆምኩላት። ልጅቷም በዚያ በኩል እጇን አውለበለበች። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። እናቴ ትተኛ። ሞቷል ብዬ እነግራታለሁ።

በደብዳቤ ቀጠሮ ያዝን፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ መሪጌታ እናቴን ደብረ ማርቆስ ስልክ ቤት ሊያመጧት። እስከዚያ ድረስ ክፍሌ ውስጥ ስሆን ነጠላዬን ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ነው የተቀመጥኩት፤ ያለቀስኩለት ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ይገባዋል ብዬ። የሚጠይቀኝ ጎረቤት፣ «እግዜር ያጥናሽ» የሚለኝ አልነበረም። እንደዚያው ለብሼ ስልክ ቤት ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅኩ በኋላ ወደ ስልኩ ሳጥን አስገቡኝ። መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ የአዲስ አበባ ስልከኛ ሴት፣ ከዚያ የደብረ ማርቆስ ሰው «ተናገሪ! ተናገሪ!» ሲል፣ ከዚያም፦

«ሀሎ! ማነሽ?»

«እኔ ነኝ እምዬ! ይታይሽ ነኝ!»

«መሆንሽን በምን ልወቅ? በቅሎዪቱ መልኳ ምንድን ነበር?»

«ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለ!»

«እውነትም ልጄ ናት» አለች፣ ለመሪጌታ መሆን አለበት። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ ነው። «ከሳሽ? ይበርዳል? ጾምሽን ጾምሽ?»

«ጾምኩ። እምዬ፣ ስለ አባቴ የምነግርሽ...»

«ቆይ!»

ነፋሱ ብቻ ተሰማ።

«ቆይ፣ ልጄ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መርዶ በሽቦ አይነገርም። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ነው። እዚህ ያለሁት ከመሪጌታና ከስልክ ሰውዬው ጋር ነው፤ ብወድቅ ማን ያነሣኛል? አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፣ እሱን መልሺልኝ። ነጠላ ለብሰሻል?»

«ለብሻለሁ።»

«ጥለቱ ወዴት ነው?»

እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደጇ ቆማ ነጠላዋን ስታዞር የነበረው ሁሉ በዓይኔ መጣ። አባቴ ሞቷል? አላውቅም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ዋሻው የሌላ ሰው ነው፣ የተኛችው የኖና እናት ናት። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ያዝኩት፣ በሁለት እጄ ነጠላዬን ከላዬ ገፈፍኩ፣ ገለበጥኩት፣ መልሼ ለበስኩት። ሳጥኑ ጠባብ ነው፤ ክንዴ መስታወቱን መታው። ውጪ የቆመችው ሴት አፍጥጣ አየችኝ።

«ይታይሽ? ጠፋሽ?»

«አለሁ እምዬ። ጥለቱ ወደ ታች ነው።»

ትንፋሿን ሰማሁት፤ እስከዚያ ድረስ ሳትተነፍስ ነበር የቆየችው።

«እሰይ» አለች። «እሰይ የኔ ልጅ። በይ እንግዲያ ጠይቂልኝ። አይሰልችሽ። ቸኮል እኮ ጠርተውት ዝም የሚል ሰው...»

ተቋረጠ። የደብረ ማርቆሱ ሰውዬ ለትንሽ ጊዜ «ሀሎ፣ ሀሎ» ሲል ቆየ፣ እሱም ጠፋ።

በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ለእሷ የነገርኳት እውነት ነው፣ ስነግራት ጥለቱ ወደ ታች ነበረ። ለእኔ ግን ያለቀስኩት አልቅሻለሁ፤ ከሕንፃው በር ስደርስ ነጠላዬን መልሼ ልገለብጠው እጄን ሰደድኩ። ከዚያ ቆምኩ። እናቴ የምታዞረው ከደጇ ነው፣ የሰውን ሐዘን ከውጪ ትታ የራሷን ቤት ልትገባ። የእኔ ደጅ የትኛው ነው? ይህ የፖርቲየራዋ በር ነው፣ ላይኛው የሲኞራ በር ነው። ፖርቲየራዋ ከመስኮቷ «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ትገቢያለሽ ወይስ ትወጫለሽ?» አለችኝ።

ነጠላዬን እንደያዝኩት በደረጃው ወጣሁ።